ድንጋዩን ማን ይሸከማል?

የዮርዳኖሷ ሰልት የዓለም ቅርስ ናት። በቅርሱ ውስጥ ወጥ የሚሠሩት፣ ልጅ የሚድሩትና ግብር የሚከፍሉት ግን ነዋሪዎቿ ናቸው። ስለ አሮጌ ሰፈር ደንብ የሚነሣው ክርክር ከእነርሱ ደጅ ይጀምራል።

ከአማን ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ መንገዱ በበልቃ ኮረብቶች መካከል ይጠማዘዝና ሰልት ብቅ ትላለች። አል-ቀልዓ፣ አል-ጀድዓና አስ-ሰላሊም የሚባሉ ሦስት ኮረብቶች ተፋጠው ቆመዋል። ቤቶቹ ከሸለቆው ተነሥተው አንዱ በሌላው ራስ ላይ እየተደረደሩ እስከ አናት ይወጣሉ፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ቤት ደጅ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ድንጋያቸው ከዚያው ከአካባቢው የተፈለጠ ቢጫ የኖራ ድንጋይ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማው በሙሉ የበሰለ ስንዴ ይመስላል።

ከኮረብቶቹ ሥር አል-ዐይን የሚባለው አደባባይ አለ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲወርድ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ቀይና ነጭ ሻሻቸውን እንደለበሱ ጥግ ጥጉን ይይዛሉ፤ ከፊታቸው ጉድጓድ ጉድጓድ የተቦረቦረ ሳንቃ ይቀመጣል። ማንቀላ ይሉታል፤ እኛ ገበጣ የምንለው ጨዋታ ነው። ከአደባባዩ አጠገብ የሐማም መንገድ ይጀምራል፤ ጠባብ፣ ጥላ ያለበት፣ ቅመም፣ ጨርቅና አትክልት የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ግራና ቀኙን የያዙት ገበያ ነው። ስሙን የሰጠው የእንፋሎት መታጠቢያ ዛሬ የለም።

ከሱቆቹ በላይ ቀና ያለ ሰው የከተማዋን ክርክር ሳይጠይቅ ያየዋል። መጀመሪያ ቅስት ያላቸው መስኮቶች፣ በእጅ የተቀረጹ ዓምዶችና የብረት ጌጥ ያለው በረንዳ ይታያል። ከዚያ በላይ በአንዳንዱ ቤት ላይ በብሎኬትና በሲሚንቶ የተጨመረ ፎቅ አለ። በእርሱም ላይ የውሃ ታንከርና ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የቆመ ፌሮ። ፌሮው የተረሳ አይደለም። በዮርዳኖስ ወላጅ ለልጁ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ሲያገባ የሚኖርበት ፎቅ ነው፤ ፌሮው የሚቆየው ያን ቀን እየጠበቀ ነው። በአሮጌው ሰፈር ግን ደንቡ ያንን ፎቅ ይከለክላል። አባት ለልጁ ያሰበው ፎቅ፣ ለዓለም ከተጠበቀው መልክ ጋር አንድ ጣሪያ ላይ ተገናኝተዋል።

ንግድ የሠራት፣ ዋና ከተማነት ያለፋት

ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በ1812 ሲያልፍ (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በበልቃ ምድር ሰው ሰፍሮባት ያገኛት ከተማ ሰልት ብቻ ነበረች። አማን በዚያን ጊዜ ከሮማውያን ዘመን የተረፈ ፍርስራሽ ነበረች። በ1860ዎቹ የኦቶማን መንግሥት አካባቢውን በቀጥታ ማስተዳደር ሲጀምር ከናብሉስ፣ ከሶርያና ከሊባኖስ ነጋዴዎች እየመጡ ሰፈሩ። በምሥራቁ በረሃና በምዕራቡ መካከል የሚመላለሰው ንግድ በእጃቸው አለፈ፤ በእርሻና በብድርም ሀብት አካበቱ። ሀብቱ ደግሞ ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ጠራ። ከ1892 እስከ 1906 ደረጃ በደረጃ የተሠራው የአቡ ጃቢር ቤተሰብ ቤት የዚያ ዘመን ምስክር ነው፤ ዛሬ በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ታድሶ የከተማዋ የታሪክ ሙዚየም ሆኗል።

ሰልት ከብዙ የዘመኑ ከተሞች የምትለየው በአሰፋፈሯ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለየብቻው ሰፈር አልተከለለለትም፤ ደረጃውን ተጋርተው፣ ግድግዳ ተዋስነው ኖረዋል። በ1682 የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ አል-ኸድር ይባላል፤ ስለት ይዘው የሚሄዱት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። ታላላቅ ቤተሰቦች ማዳፋ የሚሉት የእንግዳ ቤት ነበራቸው፤ እንግዳ የሚያርፍበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ሐዘን የሚቀመጡበት። የተቸገረን ጎረቤት የሚደግፉበት የመረዳጃ ልማድም ነበራቸው፤ ዕድር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚያ ዕድሉ ዞረ። በነሐሴ 1920 የብሪታንያው ከፍተኛ ኮሚሽነር ኸርበርት ሳሙኤል የአካባቢውን ታላላቆች የሰበሰበው በሰልት ነበር። በ1921 አሚር አብደላ የዛሬዋን ዮርዳኖስ መንግሥት ሲመሠርት ግን ዋና ከተማነቱ ለአማን ሆነ። አማን በ1878 ቼርኬሶች ሰፍረው እንደገና ያቀኗት፣ የሒጃዝ ባቡር የሚያልፍባት፣ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ቦታ ነበረች። ሥልጣኑና ገበያው ወደዚያ ሲሄድ ከሰልት ሀብታም ቤተሰቦችም ብዙዎቹ ተከተሉ። በሐምሌ 1927 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለቱንም ከተሞች ጎዳ። አማን እየሰፋች ዛሬ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስትይዝ፣ ሰልት በአሮጌ ቤቶቿ ውስጥ ቀረች። ልማት ሲያልፋት ዶዘሩም አለፋት፤ ቤቶቿን ያተረፈው አንዱ ምክንያት ድህነት ነው። ይህን ማስታወስ ያሻል፤ ምክንያቱም ዛሬ ያን ቅርስ ጠብቁ የሚባሉት ሰዎች ሀብቱ ሲሄድ የቀሩት ናቸው።

በሐምሌ 2021 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሰልትን «የመቻቻልና የከተማ እንግዳ ተቀባይነት ስፍራ» ብሎ መዘገባት። በእምብርቷ ወደ 650 የሚጠጉ ታሪካዊ ሕንፃዎች ተቆጥረዋል። ከዚያ በፊት ዮርዳኖስ በከተማዋ ሥነ ሕንፃ ላይ ብቻ ያተኮረ ጥያቄ አቅርባ አልተሳካላትም ነበር። የተሳካው አብሮ መኖሩን፣ ማዳፋውንና መረዳዳቱን ከድንጋዩ ጋር ያቀረበው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እንግዲህ የተመዘገበው ሕንፃውና አኗኗሩ ከሆነ፣ ሕንፃውን ብቻ የሚያይ ደንብ ግማሹን ቅርስ ሳይጠብቅ ይተወዋል። የከተማዋን ክርክር በዚህ ዓይን ማየት የሚገባ ይመስለኛል።

የ1750 መስመር

ክርክሩ የሚቆምበት መሬት ሕጉ ነው። የዮርዳኖስ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ፣ ቁጥር 21 የ1988፣ ጥንታዊ ብሎ የሚጠብቀው ከ1750 በፊት የተሠራውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጥበቃ የሚያገኘው ሚኒስትሩ ለይቶ ሲያውጅለት ነው። ይህ መስመር ለፔትራ፣ ለጀራሽና ለአማኑ የሮማ ቲያትር በቂ ነበር። የሰልትን ቤቶች ግን ውጭ ጣላቸው፤ ያማሩ ቤቶቿ ሁሉ የተሠሩት ከመስመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው። የአማን አሮጌ ሰፈሮችም እንዲሁ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የ1890ዎቹን ቤት ማፍረስ የሚጠይቀው የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ብቻ ነበር።

ክፍተቱን ለመሙላት የወጣው በ2005 የጸደቀው ሕግ ቁጥር 5 ነው፤ የሥነ ሕንፃና የከተማ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ይባላል። ከ1750 ወዲህ የተሠሩ፣ በታሪካቸው፣ በአሠራራቸው ወይም ከማኅበረሰቡ ጋር ባላቸው ትስስር ዋጋ ያላቸው ሕንፃዎችና ሰፈሮች በዝርዝር እንዲያዙ ያዛል። በቱሪዝምና ጥንታዊ ቅርሶች ሚኒስቴር በኩል የሚሠራ ኮሚቴ አቋቁሟል። በዝርዝሩ የገባ ቤት ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ መልኩም አይለወጥም። ለባለቤቱም ማካካሻና ማበረታቻ እንደሚገባው ሕጉ ይቀበላል።

ከዚህ ጎን የ1966 የከተሞች፣ የመንደሮችና የሕንፃዎች ፕላን ሕግ አለ። የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚሆን፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድና ከአጥር ምን ያህል ገባ ተብሎ እንደሚሠራ የሚወሰነው በእርሱ ሥር በሚወጡ ፕላኖችና ደንቦች ነው። አዲስ ፕላን ከመጽናቱ በፊት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ ሕጉ ጊዜ ይሰጣል። የዓለም ቅርስነቱ ደግሞ ሦስተኛ ሽፋን ጨመረ፤ የቅርሱ ክልል በካርታ ይከበባል፣ ዙሪያውን የመጠበቂያ ቀጠና ይያዝለታል፣ ሁለቱም በአስተዳደር ዕቅድ ይመራሉ።

ነዋሪው እነዚህን ሁሉ የሚያገኛቸው በአንድ ቀን ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስና ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ። በተራ ሰፈር የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ያስጨርሰዋል። በቅርስ ሰፈር የሚጠይቅ ሰው ጥገናው በምን ድንጋይ፣ በምን ማያያዣ፣ በምን ዓይነት መስኮት እንደሚሆን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ውኃው ግን ፈቃዱን አይጠብቅም።

የቤቱ ሰዎች ክርክር

እንዲህ ባለ ሰፈር ክርክሩ በአዳራሽ አይወሰንም፤ በሱቅ ደጅ፣ በማዳፋ ቡና ላይ፣ ከጸሎት መልስ ይቀጥላል። ወገኖቹን ለይቶ መስማት ይጠቅማል፤ ሁሉም እውነት ይዘዋልና።

የመጀመሪያው ወገን ባለ ቤቱ ነው፤ ክርክሩ ስለ ፍትሕ ነው። ከቀጠናው መስመር ወዲያ ያለው ጎረቤቱ አራት ፎቅ ሠርቶ ሦስቱን ያከራያል። እርሱ ግን አያቱ አሳምረው በመሥራታቸው ይቀጣል። ቤቱን እንዳይነካ የሚከለክለው መንግሥት የጣሪያውን ጥገና አይከፍልለትም። ቅርሱ የሁሉም ከሆነ ሸክሙም የሁሉም ይሁን ይላል።

ሁለተኛው የወራሾች ጉዳይ ነው። አንድ ነጋዴ በ1900 የሠራው ቤት ከሦስትና ከአራት ትውልድ በኋላ የብዙ ሰው ይሆናል። ከወራሾቹ ከፊሉ አማን፣ ከፊሉ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ከፊሉ ባሕር ማዶ ነው። ለመጠገንም ለመሸጥም እነርሱን ማስማማት ከባድ ነው። ድርሻው ጠባብ የሆነ ወራሽ ለጥገና ገንዘብ ለማውጣት አይነሣም። በሩ ይቆለፋል፣ ክረምት ይመጣል፣ ውኃ በጣሪያው ስንጥቅ ይገባል። እንዲህ ያለውን ቤት ማንም አላፈረሰውም፤ ስለዚህ የትኛውም ደንብ አልተጣሰም። ሕጉ የሚያየው የሰውን እጅ ነው፤ ቸልታን የሚይዝበት መዳፍ የለውም።

የኪራይ ሕጉም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ለአሥርተ ዓመታት የዮርዳኖስ ተከራይ በድሮ ዋጋ ሳይነካ የመኖር መብት ነበረው። በ2000 የተደረገው ማሻሻያ አሮጌ ውሎች በ2010 መጨረሻ እንዲያበቁ ወሰነ፤ ከዚያም ሕጉ ደጋግሞ ተሻሻለ። ለባለ ቤቱ አነስተኛው ኪራይ የጥገናን ወጪ የማይሸፍን ነበር። ለተከራዩ ደግሞ የዋጋው መለቀቅ ከተወለደበት ሰፈር መውጣት ማለት ሆነ። አንዱን የሚያድን ድንጋጌ ሌላውን ያፈናቅላል።

ሦስተኛው ወገን ባለሙያው ነው፤ እርሱም አላስፈላጊ ግትርነት ይዞት አይደለም። ነዋሪው ግድግዳውን በሲሚንቶ መምረግ ይፈልጋል፤ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ። ነገር ግን የሰልት ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው። ኖራ የሚተነፍስ ማያያዣ ነው፤ ግንቡ የጠጣው እርጥበት በእርሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት መውጫው ይዘጋና እርጥበቱ በለስላሳው ድንጋይ በኩል ለመውጣት ይሞክራል፤ ያዘለው ጨው ከፊቱ ሥር እየረጋ ድንጋዩን እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። በዚህ ዓመት ገንዘብ ያተረፈው ምርጊት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግድግዳውን ፊት ይወስዳል። በላዩ የሚጨመረው ፎቅም ያልታሰበለትን ክብደት በአሮጌ ግንብ ላይ ይጭናል። ባለሙያው «አይሆንም» ሲል ልክ ነው። የሚጎድለው «ይህን አድርግ፣ ወጪውን እንዲህ እንካፈለው» የሚለው ቃል ነው።

አራተኛው የሱቁ ባለቤት ነው። ጎብኚ ሲመጣ ደስ ይለዋል። ግን መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ሽንኩርት የሚገዛው የየዕለት ደንበኛው የት ያቆማል? የሐማም መንገድ ሕያው የሆነው የሰፈሩ ሰው ስለሚገበይበት ነው። ቅመም ሻጩ ወጥቶ በቦታው የማስታወሻ ዕቃ ሻጭ ቢገባ የሱቁ ቅስት አይነካም፣ ደንቡም አይጣስም፤ ገበያው ግን ያልቃል።

በሰልት ተስፋ የሚሰጠው መንገድ የተጀመረው ከዚህ ነው። በጃይካ ድጋፍ የተሞከረው አካሄድ ከተማዋን በሞላ እንደ ሙዚየም ያያል፤ ሙዚየሙ የሚዘጋ በር የለውም፣ የሚያሳዩትም ነዋሪዎች ናቸው። ጎብኚው ከአቡ ጃቢር ቤት ተነሥቶ በደረጃው ይወጣል፣ በሱቁ ያልፋል፣ ነዋሪው የሚያቀርበውን ይቀምሳል። ይህ አካሄድ የወራሾችን ችግር አልፈታም፤ የጣሪያን ወጪም አይሸፍንም። ነገር ግን ከቅርሱ የሚገኘው ጥቅም ወደ ነዋሪው እጅ የሚደርስበትን መንገድ ከፍቷል።

ድንጋዩ ሲተርፍ፣ ነዋሪው ሲሄድ

ሌላውን መንገድ ለማየት ወደ አማን መመለስ ያስፈልጋል። ጀበል አማን ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የአዲሱ መንግሥት ሰዎች ሰፈር ነበር። ሚኒስትሮች፣ ነጋዴዎችና መኮንኖች ከሸለቆው ወጥተው የአትክልት ቦታ ያላቸው ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ሠሩበት። የንጉሥ ጠላል አሮጌ ቤት እዚያ ነው፤ የአረብ ጦርን እስከ 1956 ያዘዘው ብሪታንያዊው ግለብ ፓሻም እዚያ ኖሯል። ዋናው መንገድ በይፋ የአቡ በክር አስ-ሲዲቅ መንገድ ነው፤ ሰው የሚጠራው ግን በሲኒማ ቤቱ ስም ሬይንቦ ብሎ ነው።

የአማን ደንብ የመኖሪያ ሰፈሮችን በአራት ደረጃ ይከፍላል። ከፍተኛው ሰፊ ቦታና ግቢ የሚጠይቅ ነው፤ ዝቅተኛው በትንሽ ቦታ ተጠጋግቶ የሚሠራበት ነው፤ ሀብታሙ ምዕራብና ድሃው ምሥራቅ በዚህ ክፍፍል በካርታው ላይ ይነበባሉ። በብዙዎቹ ላይ አራት ፎቅ ይፈቀዳል። ዋናው የኢኮኖሚ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ደንቡ አራት ፎቅ በሚፈቅድበት ቦታ ላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ከቤቱ ይልቅ በላዩ ያለው ባዶ አየር ዋጋ ያወጣል። እንዲህ ያለ ቤት ጠላት አያስፈልገውም፤ ስሌቱ ራሱ ያፈርሰዋል።

በ2000ዎቹ የታላቋ አማን ማዘጋጃ ቤት ሬይንቦ መንገድን አደሰ፤ ንጣፉ ተቀየረ፣ ሕንፃዎቹ ተጠረጉ፣ መናፈሻዎች ተዘጋጁ። ከዚያ ቀደም ብሎ የጀበል አማን ነዋሪዎች ጃራ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ከ2005 ጀምሮ በበጋ ዓርቦች የሚቆመው የጃራ ገበያ የእነርሱ ሐሳብ ነው። ነዋሪው ራሱ ለሰፈሩ ሲቆም መልካም ምሳሌ ነበር። ግን መንገዱ ሲያምር ካፌው በዛ፤ ከካፌው ጋር ሙዚቃው፣ የሺሻው ጭስና የመኪናው ጥሩምባ መጡ። ለመኖሪያ የተሠራው ቤት ለምግብ ቤት ሲከራይ የበለጠ ያወጣል። አንዱ ሲያከራይ ጎረቤቱ እንቅልፍ ያጣል፣ እርሱም ያከራይና ይሄዳል። የድንጋዩ ፊት ተርፏል፤ ማታ መብራት የሚያጠፋው ቤተሰብ ግን እየቀነሰ ነው።

በአጠገቡ ያለው ጀበል አል-ወይብዴ የሥዕል ቤቶችና የአሮጌ ቤተሰቦች ሰፈር ነው፤ ዳረት አል-ፉኑን በ1920ዎቹ ቤቶች ውስጥ የሚሠራ የጥበብ ማዕከል ነው። በዚሁ ሰፈር በመስከረም 2022 አንድ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ተደርምሶ 14 ሰዎች ሞቱ። የነፍስ አድን ሠራተኞች ለቀናት ፍርስራሹን ፈለጉ፤ ከአንድ ቀን በላይ የተቀበረች ሕፃን በሕይወት ተገኘች። ሕንፃው የቅርስ ቤት አልነበረም። ይሁን እንጂ ስለ አሮጌ ሰፈር ደንብ የሚነጋገር ሁሉ ሊረሳው አይገባም፤ ስለ መስኮት ቀለም የሚቆጣጠር ደንብ ስለ ምሰሶው ካልጠየቀ የሰውን ሕይወት አይጠብቅም።

ስለ ነዋሪ ስናወራ ማንን ነው የምንቆጥረው? በአማን ቤቶች ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ። ያንን የድንጋይ ደረጃ የሚያጥቡት፣ በዚያ በረንዳ ልብስ የሚያሰጡት እነርሱ ናቸው። በሰፈሩ ደንብ ላይ ግን ድምፅ የላቸውም፤ ካርታም ውልም በስማቸው አይወጣም። ተከራዩና ስደተኛውም ከእነርሱ አይሻሉም። ስለ ሰፈር የሚደረግ ክርክር የሚሰማው በርስት ስም ብቻ ከሆነ፣ ሰፈሩን በየዕለቱ የሚያኖሩት ሰዎች ከክርክሩ ውጭ ይቀራሉ።

ሌሎች ከተሞች ሸክሙን እንዴት አካፈሉ?

አሮጌ ሰፈርን በከተማ ደንብ መጠበቅ በአሜሪካ የተጀመረው በቻርልስተን ከተማ በ1931 ነው። ፈረንሳይ በ1962 የባህል ሚኒስትሯ አንድሬ ማልሮ ስም የተሰጠውን ሕግ አወጣች፤ ኋላም በተጠበቀ ሰፈር ቤቱን በአግባቡ የሚያድስ ባለ ንብረት ወጪው ከግብር እንዲቀነስለት ተፈቀደ። ግዴታውና ድጋፉ ተያያዙ።

ኒው ዮርክ ሌላ መላ አገኘች። የታላቁ ባቡር ጣቢያ ባለቤቶች በላዩ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለመሥራት ተከለከሉና ከተማዋን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ከተማው መከልከል ይችላል ብሎ ፈረደ። ለፍርዱ የረዳው ግን ከተማዋ ባለቤቶቹን ባዶ እጃቸውን አለመስደዷ ነው፤ በላዩ ያልተሠራውን ፎቅ በአካባቢው ላሉ ቦታዎች ማዛወር ይችሉ ነበር። በጀበል አማንም በሰልትም ባለ ቤቱን የሚያቃጥለው ያ ባዶ አየር በኒው ዮርክ በዚህ መንገድ ዋጋ አገኘ።

ክብሩ እንደሚነሣም መታወቅ አለበት። ሰልት በተመዘገበችበት በዚያው የ2021 ጉባኤ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ የእንግሊዟ ሊቨርፑል ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘች። በ2004 ያስመዘገባትን ወደብ በአዳዲስ ግንባታዎች፣ ከእነዚህም አንዱ የኤቨርተን ስታዲየም ነበር፣ ለውጣዋለች ተብላ ነው። በሊቨርፑል ሥራና ኑሮ ፈላጊው ሕዝብ ከስታዲየሙ ጎን የቆመበት ምክንያት ለመረዳት አይከብድም። መዝገብ ለነዋሪው የሚታይ ጥቅም ካላመጣለት፣ ሌላ ጥቅም ሲመጣ የሚከላከልለት ሰው አይኖረውም።

ከሰልት ወደ ፒያሳ

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሐረር ጁገል በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ 82 መስጊዶቿና 102 የቅዱሳን ሥፍራዎቿ እንዲሁም የሐረሪ ቤት ውስጣዊ አሠራር ተቆጥረውላታል። በግንቡ ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብም እንደ ሰልቱ ሰው ቤቱን ማስፋትና መጠበቅ በሚሉት ሁለት ግዴታዎች መካከል ይቆማል።

አዲስ አበባ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አላት። በሰልት ክርክሩ ከባለ ቤት ጋር ነው። በአዲስ አበባ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ጀምሮ በአሮጌ ሰፈሮች ከሚገኙት ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ናቸው። በእንጨት በረንዳ ያጌጠ የጥንት ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ተከራይ ነው፤ ማደስ አይችልም፣ መሸጥ አይችልም፣ ሲፈርስም ባለ ንብረት ሆኖ አይከራከርም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ደንግጓል። ግን ቤቶቹን እንጂ ሰፈሩን፣ ማለትም ጎረቤትነቱን፣ የጉሊት ገበያውን፣ ዕድሩን የሚመለከትበት መዝገብ የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲነሣ በከተማው ሰው ዘንድ የተሰማው ቁጭት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለአንዳንዱ አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ውኃና መጸዳጃ ሊኖረው ይችላል፤ ያንን መናቅ አይገባም፣ የቀበሌ ቤት ኑሮ ችግር የኖረበት ያውቀዋልና። ነገር ግን የአንድ ዕድር አባላት በተለያየ አቅጣጫ ሲሰፍሩ ለቀብር የሚያስተባብራቸው ጥሩምባ አይሰማም። በሰልት የዓለም ቅርስ የተባለው ነገር በእኛ ዘንድ ካሣ የማይተመንለት ሆኖ ቀረ።

ከእነዚህ ከተሞች የሚወጣው ትምህርት ለእኔ ግልጽ ነው። የአሮጌ ሰፈር ደንብ ሲጻፍ የክልከላው አንቀጽና የወጪው አንቀጽ በአንድ ቀን ይጽደቁ። ባለ ቤቱን ጣሪያህን በኖራና በድንጋይ አድስ የሚል ማዘጋጃ ቤት የልዩነቱን ወጪ ወይም የግብር ቅናሹን አብሮ ያቅርብ፣ ድንጋይ ጠራቢ ያሠልጥን፣ ፈቃዱን በአንድ መስኮት ያስጨርስ። ወራሾች ተበትነው የተዘጋ ቤት ካለ፣ የወራሾቹ መብት ሳይጠፋ ማዘጋጃ ቤቱ ጠግኖ፣ አከራይቶ፣ ወጪውን ከኪራዩ የሚመልስበት ሕጋዊ መንገድ ይከፈት። ካፌና ሆቴል በአንድ መንገድ ላይ ምን ያህል ሊሆኑ እንደሚችሉ በነዋሪዎች ድምፅ ይወሰን። ፕላን ለተቃውሞ ሲቀርብ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ከመለጠፍ ይልቅ በሰፈሩ ውስጥ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይቅረብ፤ ተከራይም ይናገር፣ ቤቱን የምትጠብቀውም ሠራተኛ ትናገር።

ሰልት ይህን ሁሉ አልፈጸመችም። ግን ለዓለም ያቀረበችው ጥያቄ የተሳካው ሕንፃዎቿን ብቻ ማሳየት ትታ ሰዎቿ እንዴት አብረው እንደኖሩ ስትናገር ነው። የማዳፋ በር ለእንግዳ ክፍት የሆነው በውስጡ ቡና የሚያፈላ ቤተሰብ ስላለ ነው። የሐረር፣ የጎንደር፣ የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ደንብ ሲረቀቅ በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ደንቡ ከጸደቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ዛሬ እዚህ የሚኖረው ሰው እዚሁ መኖር ይችላል ወይ? መልሱ «አይችልም» ከሆነ ረቂቁ ይመለስ።